ግቢ ከመከራየት በፊት፦ ለጎዳና ውሾችና ድመቶች አነስተኛ አድን ቡድን ማቋቋም

የጎዳና እንስሳትን ለመርዳት የሚሰባሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ግቢ መከራየትን ነው። ቡድኑን የሚያፈርሰውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ግቢ ነው። ቦታው መከፈቱ እንደተሰማ ቡችሎች በካርቶን እየተደረጉ ሌሊት ደጃፍ ላይ ይጣላሉ፤ አሥር ውሻ ተብሎ የታሰበው ሠላሳ ይሆናል፤ ፓርቮ (ቡችሎችን የሚገድል ተላላፊ የተቅማጥ በሽታ) ይገባል፤ ጎረቤት በጩኸቱ ይማረራል፤ አከራይ ውል ያፈርሳል። ያን ሁሉ ገንዘብ የበላው ግቢም የሰፈሩን የውሻ ቁጥር ዝቅ አላደረገውም። ይህ መመሪያ ስለዚህ መጠለያ ሳይኖራችሁ እንዴት እንደምትጀምሩ ነው የሚያሳየው፦ አንድ ሰፈር፣ አምስት ሰው፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜያዊ አሳዳሪ ቤት። ዋናው ሥራ መከተብና ማምከን ነው። የተገጨ ውሻ ማንሳት፣ ቡችላ ማሳደግ፣ ቤት መፈለግ ከዋናው ሥራ ጎን ለጎን አቅም በፈቀደ መጠን ይሠራል። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ቢሆኑም አዳማም ሆነ ባሕር ዳር ላይ አካሄዱ ብዙ አይለይም።

ከሁሉ በፊት ራሳችሁን አስከትቡ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ስለዚህ ቅድመ መከላከያ ክትባት ያልወሰደ ሰው ውሻ አይዝም፣ ኬጅ አያጥብም፣ «ቡችላ ብቻ ነው» ብሎም አያቅፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቅድመ መከላከያ ሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ። ይህን የወሰደ ሰው በኋላ ቢነከስ ሁለት ተጨማሪ መርፌ ይበቃዋል፤ በቀላሉ የማይገኘውንና ውዱን ሴረም (ቁስሉ ላይ የሚወጋውን ዝግጁ መከላከያ) አይፈልግም። ትርፉ እዚህ ላይ ነው። የቴታነስ ክትባትም አብሮ ይወሰድ።

የሰው ክትባት በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ጤና ተቋም ክትባቱም ሴረሙም በእጁ እንዳለ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ስልኩን በእያንዳንዱ አባል ስልክ ላይ መዝግቡ፤ በየወሩም ደግማችሁ ጠይቁ። ሰው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የበሽታው ላቦራቶሪ ያለበት ቦታ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ቀድሞ መተዋወቅ ይጠቅማል።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ በግምት ሲሆን ሁለት ደቂቃውም ረጅም ይመስላል። ቀጥሎ አዮዲን ይቀባል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬዳል። የባህል መድኃኒት ቀድሞ መሞከር ሰው የሚሞትበት መንገድ ነው። ነካሹ ውሻ የሚያዝ ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ጊዜ በለሃጩ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሕክምናው ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም። ውሻው በመሃሉ ከሞተ ሐኪሙ ናሙናውን በበረዶ አቀዝቅዞ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ የውሻውን ጭንቅላት ለመቁረጥ እናንተ አትሞክሩ። መንጋጋው የወደቀ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ወይም ያለምክንያት የሚንገዳገድ ውሻ ካያችሁ ሰዉን አርቁ፣ ወረዳውን ጥሩ። እንዲህ ያለውን ማዳን የእናንተ ሥራ አይደለም።

ሰፈሩን መቁጠር

ከሁለት መቶ ውሻ በላይ የማይኖርበትን፣ በእግር በአንድ ሰዓት ተኩል የሚዞር አካባቢ ምረጡ። ድንበሩ ዋና መንገድ ወይም ወንዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ውሾች ያለማቋረጥ የሚገቡበትና የሚወጡበት ከሆነ የሠራችሁት አይታይም።

ቆጠራው ከንጋቱ 11:30 እስከ 1:00 ይካሄዳል፤ ቆሻሻው ሳይነሳ፣ መንገዱ በመኪና ሳይሞላ። በመጀመሪያው ቀን ያገኛችሁትን ውሻ ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ በሁለተኛው ቀን በዚያው መንገድ ዞራችሁ እንደገና ቁጠሩና ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን 60፣ በሁለተኛው 50 ብታገኙና ከ50ው 30ው የትናንቶቹ ቢሆኑ 60 በ50 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 100 ይመጣል። የሰፈሩ ውሻ 100 ገደማ ነው ማለት ነው። የበሽታው ሰንሰለት እንዲበጠስ ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ ስላለበት ግባችሁ 70 ውሻ ይሆናል። «ብዙ ውሻ አለ» ብሎ ወረዳ መሄድና «100 ውሻ አለ፣ 70ውን እንከትባለን» ብሎ መሄድ የተለያየ መልስ ያስገኛል።

ስትቆጥሩ ጾታውን፣ የምታጠባ መሆኗን፣ እከክና ቁስል መኖሩን መዝግቡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘበኞችን አናግሩ። የትኛው ውሻ የማን እንደሆነ፣ የትኛዋ የት እንደወለደች፣ ማን እንደሚነክስ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሌሊት አብረዋቸው ያድራሉ፣ ከምሳቸው ያካፍሏቸዋል። «ባለቤት አልባ» ከምትሏቸው ውስጥ ብዙዎቹ ግማሽ ባለቤት አላቸው፤ ያን ሰው ሳያስፈቅዱ ውሻውን መውሰድ ሰፈሩን በአንድ ቀን ያሳጣችኋል።

ወረቀቱ

አምስት ሰው የሚያስፈልገው ለሥራው ብቻ አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በማኅበር መልክ ለመመዝገብ ቢያንስ አምስት መሥራች ያስፈልጋል። የመመሥረቻ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂ፣ ስምና ዓላማ ይዛችሁ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታቀርባላችሁ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ የቢሮ ኪራይና የጽሕፈት ቤት ደመወዝ ውስጥ አትዘፈቁ። ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ምርመራም ይጠበቅባችኋል፤ ደረሰኝ በጫማ ካርቶን የሚያጠራቅም ቡድን በዓመቱ ማብቂያ ላይ ይቸገራል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ለጥቂት ወራት በአንድ ክሊኒክ ጥላ ሥር መሥራት ጥሩ ነው። ሰዉ እንደሚዘልቅ ወይም እንደማይዘልቅ የሚታወቀው ያኔ ነው። ዳሩ ግን ሕጋዊ ሰውነት ሳይኖራችሁ በቡድኑ ስም ባንክ መክፈትም ሆነ ትልቅ ድጋፍ መቀበል አትችሉም።

ከምዝገባው ሌላ አንድ ወረቀት የግድ ያስፈልጋል፦ ከወረዳው ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ። ጎህ ሲቀድ ውሻ በፒካፕ የሚጭን ሰው ሌባ ወይም መርዘኛ ይመስላል። ደብዳቤውን ኮፒ አድርጉ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሰደርያ ልበሱ፣ ከአንድ ሳምንት በፊትም በእድሩ በኩል አስነግሩ። ከተሞች የውሻ ቁጥር ሲበዛባቸው በመርዝ ሥጋ የሚገድሉበት ጊዜ ነበረ፤ በእንዲህ ያለው ዘመቻ የተለቀቀውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የሚመጡና የተረፉት የሚወልዷቸው ይሞሉታል፤ የተከተቡትም አብረው ስለሚሞቱ በሽታውን የሚገታው አጥር ይፈርሳል። ይህን ክርክር ይዛችሁ የምትሄዱት ወረዳው ውሳኔ ላይ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ፣ ቆጠራችሁን በእጃችሁ አድርጋችሁ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ብዙ አያከራክርም፦ ውሻ የሚይዝ፣ የሚመዘግብ፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር፣ አሳዳሪ ቤቶችን የሚያስተባብር። ገንዘብ ያዡና ውሻ የሚይዘው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። አዛኝ ሰው ሥራው ላይ እያለ ለወጪ አቅል የለውም፤ ይህ ነቀፋ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

ዕቃ

ለአምስት ሰው ቡድን መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። ስድስት የውሻ ኬጅ፣ እያንዳንዱ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 65 ቁመት። ሁለት የድመት ወጥመድ ሳጥን፣ 80 በ30 በ35። ሁለቱንም ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ግን ለሠራተኛው ሦስት ነገር ንገሩት። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ መንጋጋ ይይዛል። በሩ ወደ ጎን የሚከፈት ሳይሆን ወደ ላይ የሚሳብ ይሁን፣ እጅ ሳይገባ እንዲዘጋ። የሽቦው ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይስተካከል፤ የደነገጠ ውሻ ሽቦ ስለሚነክስ ድዱን ይቆርጠዋል። ወለሉ ላይ የሚወጣና የሚገባ ላሜራ ይደረግ።

ከዚያ ውጪ አራት ባለ ሁለት ሜትር ወፍራም ገመድ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ያለው፣ አራት ወፍራም ፎጣ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሰፊ ፋሻ፣ የቆዳ ጓንት፣ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ የክትባት ሳጥን ከበረዶ ጥቅሎቹና ከቴርሞሜትሩ ጋር። ሚዛኑን ብዙ ቡድን ይዘለዋል፤ አለመዝለል ነው የሚሻለው። ማደንዘዣውም ሆነ የእከክ መድኃኒቱ የሚሰላው በኪሎ ነው። ቡችላውን ማዳበሪያ ውስጥ አንገቱን አውጥታችሁ ብታንጠለጥሉት ኪሎው በአሥር ሰከንድ ይታወቃል፤ ትልቁን ከነኬጁ መዝናችሁ የኬጁን ትቀንሳላችሁ።

መያዝ፣ ማምከን፣ መመለስ

ማሳደድ ክልክል ነው። የሚሳደድ ውሻ ሚኒባስ ሥር ይገባል፤ ያመለጠውም ከዚያ ወዲያ አይያዝላችሁም። መፍትሔው ምግብ ነው። ከመያዣው ቀን በፊት አምስት ስድስት ቀን በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት፣ ዘበኛው ራሱ እየሰጠ፣ ይመገብ። ኬጁ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በሩ ተከፍቶ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ምግቡም በየቀኑ ወደ ውስጥ እየገፋ ይሂድ። ብዙዎቹ ራሳቸው ይገባሉ። ያልገባው እየበላ ሳለ ቀለበት ያለው ገመድ ሸምቀቆ ሆኖ ከጎኑ አንገቱ ላይ ይገባል፤ ገመዱን ያዙት እንጂ አትሳቡት። ለአንድ ደቂቃ ይታገላል፣ ከዚያ ይቆማል። ያኔ ብርድ ልብስ ከነራሱ ይለበሳል፣ ተጠቅልሎ ወደ ኬጁ ይገባል።

ቁስል ለማየት አፉን ማሰር ካስፈለገ ፋሻውን በአፍንጫው ዙሪያ አድርጋችሁ ከላይ አንድ ጊዜ ቋጥሩ፣ ወደታች አምጥታችሁ ከመንጋጋው ሥር አሳልፉ፣ ከጆሮዎቹ ኋላ ሊፈታ በሚችል ቋጠሮ እሰሩ። ውሻ የሚቀዘቅዘው በምላሱ ስለሆነ የታሰረ አፍ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም። ፊቱ አጭር በሆነ ውሻና በድመት ላይ ይህ አይሠራም፤ ለእነርሱ ፎጣ ይበቃል። ድመት በወጥመድ የምትያዘው በሰርዲን ነው፤ ሳጥኑ እንደተዘጋ ወዲያው በጨርቅ ካልሸፈናችሁት አፍንጫዋ እስኪደማ ከሽቦው ጋር ትታገላለች።

የምትይዙት ከቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ቀድሞ ማታ ነው። አዋቂ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መጾም አለበት፤ በጠዋት የተያዘ የጎዳና ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ቆሻሻ ሲበላ አድሯል፣ ሲደነዝዝ ያስመልሳል፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ከአራት ወር በታች ያለ ቡችላ ግን 3 ወይም 4 ሰዓት ብቻ ይጹም፤ ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ውኃ እስከ ጠዋት ይፈቀዳል።

አንድ ሐኪምና አንድ ረዳት ሲጀምሩ በቀን ከአምስት ስድስት ውሻ በላይ አትያዙ። ሴቶች ይቅደሙ። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ትቀበላለች፣ እርግዝናዋ 63 ቀን ነው፤ አንድ ያልመከነ ወንድ ቢቀር ለውጥ የለውም፣ አንዲት ሴት ብትቀር ግን ለውጥ አለው። ሐኪሙ ክትባቱንም፣ የጆሮ ምልክቱንም በዚያው ማደንዘዣ ይጨርሳል። ለውሻ የግራ ጆሮ ጠርዝ ላይ ትንሽ የ«ቪ» ቅርጽ ይቆረጣል፤ ለድመት የግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ይህ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ያቺኑ ውሻ ይዛችሁ ሆዷን ዳግመኛ ታስከፍታላችሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብርድ ውሻ ሊገድል ይችላል፤ በአዲስ አበባ ጠዋት በተለይ። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኑ አድርጉ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩ፣ ያለጨርቅ ያደረጋችሁት እንደሆነ ግን የደነዘዘውን ቆዳ ያቃጥላል። በደንብ ቆሞ እስኪሄድ ምግብ አይሰጠው። ወንዱ በማግሥቱ ሊመለስ ይችላል፤ ሴቷ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ስፌቱ ቀይ ወይም እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ ትቆያለች። የሚመለሱት ልክ በተያዙበት ቦታ፣ በቀን ብርሃን ነው። «የተሻለ ሰፈር» መውሰድ ደግነት ይመስላል፤ የዚያ ሰፈር ውሾች ግን ስፌቱ ያልደረቀውን እንግዳ ይዘነጣጥሉታል። ክረምት ላይ ይህን ሥራ አታብዙ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ብትሠሩ ቁስሉ በጭቃ አይበላሽም፤ የሐምሌና የነሐሴ ጊዜ ለክትባት መዝገብ፣ ለገንዘብ ማሰባሰብና ለዕቃ ጥገና ይሁን።

የክትባቱ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መቀዝቀዝ የሚጠቅመውን ያህል ወደ በረዶ መለወጥ ያበላሸዋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጁ ውስጥ ውኃ የተሞሉ ሃይላንዶች ደርድሩ፣ ቅዝቃዜውን ያቆያሉ። በመስክ ሳጥን ውስጥ በረዶውና ብልቃጡ እንዳይነካኩ መካከላቸው ካርቶን አድርጉ።

በሽታ፣ መድኃኒት፣ ጊዜያዊ ቤት

ጊዜያዊ አሳዳሪ ቤት ማለት አንድ ሰው ግቢው ውስጥ አንዲት የተለየች ክፍል ወይም በረንዳ የሰጠበት ነው። አዲስ የገባ እንስሳ ከቤቱ እንስሳት 14 ቀን ይለያል። ቡችላ የሚቀመጥበት ወለል ሲሚንቶ መሆን አለበት፤ የፓርቮ ቫይረስ በአፈር ላይ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ አፈር ደግሞ አይታጠብም። ፓርቮ የገባበት የአፈር ግቢ ያልተከተበ ቡችላ አይግባበት፣ በቃ።

የሚሠራው ፀረ ተህዋስ በረኪና ነው፦ ለ15 ሊትር ባልዲ ውኃ ግማሽ ሊትር። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፤ ሰገራ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ፈስሶ አሥር ደቂቃ ይቆይና ይታጠብ። በዕለቱ የተበጠበጠው በዕለቱ ያልቅ። የአሳዳሪው ጫማና ልብስም ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለክፍሏ የተለየ ነጠላ ጫማ አስቀምጡ። ቡችሎች የፓርቮና የዲስተምፐር (ሌላው የውሻ ገዳይ በሽታ) ክትባት ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው ይወስዳሉ። አንድ መርፌ ወስዷል ብሎ ወደ ሌሎች መቀላቀል ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የክትባቱን ሥራ እንደሚያከሽፍ መርሳት ነው።

በዕውቀት ማነስ የሚገደሉት እንስሳት ጥቂት አይደሉም። እከክ ያለበትን ውሻ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ወይም በላምባ መቀባት ይመርዘዋል፤ ይልሰዋል፣ በቆዳውም ይገባል። ለከብት መዥገር የሚገዛውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጦ ማጠብም እንዲሁ። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ለእከክ ይሠራል፣ ግን የከብቱ መርፌ 1 በመቶ ነው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ ለ10 ኪሎ ውሻ የሚደርሰው 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከለካችሁ ስህተቱ በቀላሉ አሥር እጥፍ ይሆናል። የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይኑራችሁ፤ መጠኑን ሐኪም ይዘዝ፣ ለትንንሽ ቡችሎችና ኮሊ ለሚባሉት የእረኛ ውሻ ዘሮች ደግሞ አይሰጥ። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ።

ከብልቷ ደም የሚንጠባጠብ ሴት ውሻ «ወቅቷ ነው» ተብላ ትታለፋለች። ደሙ ሳምንታት ከቀጠለና የአበባ ጎመን የሚመስል እብጠት ከታየ በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ በጎዳና ውሾች ዘንድ የተለመደ ነው። በቪንክሪስቲን መርፌ በየሳምንቱ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ታክሞ በአብዛኛው ይድናል። ስለዚህ ሕክምናውን ከመጀመራችሁ በፊት ሳምንታቱን የሚያስጨርስ አሳዳሪ ቤት እንዳለ አረጋግጡ፤ በሁለተኛው መርፌ የተቋረጠ ሕክምና ገንዘብ ማባከን ነው።

የማይድን ስቃይ ውስጥ ያለውን በሐኪም እጅ ማሳረፍን (ያለስቃይ እንዲሞት ማድረግን) በተመለከተ ቡድኑ ገና ሳይጀምር በጽሑፍ ይወስን፦ ማን ይወስናል፣ በምን ሁኔታ። አከርካሪው የተሰበረ ውሻ ፊት ቆሞ ይህን ክርክር መጀመር አባላትን ይበታትናል።

የተገጨ ውሻ ሲነሳ አፉ ይታሰር፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ተንሸራቶ ይውጣ፣ በፎጣ ይታሰር። ባጃጅ ከታክሲ ይሻላል፤ ሾፌሩ ከኋላ ሸራ ከተነጠፈለት አይከለክልም። የጋሪ ፈረስና አህያ ለአነስተኛ ቡድን አይሆንም፤ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና በአህያ ላይ የሚሠራውን ዶንኪ ሳንክቹዋሪን አማክሩ። የአቦሸማኔ ግልገል፣ ጦጣ ወይም ሌላ አውሬ ካጋጠማችሁ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው፤ ቤት ማስገባት በሕግም ያስጠይቃል።

ምግብ

15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ይህ ማለት 150 ግራም ጥሬ ሩዝ፣ ቅንጬ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተቀቅሎ፣ ከ200 ግራም የሥጋ ተረፈ ጋር። ለአሥር ውሻ 1.5 ኪሎ እህልና 2 ኪሎ ተረፈ ሥጋ በ20 ሊትር ድስት ይበስላል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም፤ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሰው በደግነት የሚያመጣው የወጥ ትራፊ በዚህ ምክንያት ለእንጀራ ፍርፋሪ ያህል እንኳ አይጠቅምም። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃልና ከማውጣታችሁ በፊት ልቀሙት።

ከሥጋ ቤት የሚገኘው ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፤ ጥሬውን ግን አትስጡ። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ ከረጢቱ የያዘውን ትል በአንጀቱ ያሳድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል፣ በሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ውሾቹን ደግሞ ሐኪሙ በትል መድኃኒቱ በፕራዚኳንቴል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በየጊዜው ያጽዳቸው።

አዲስ ቡድን የማያስበው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ተረፈ ሥጋው በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ሥጋ ቤቶች በር ላይ የሚኖሩት ውሾችም በዚህ ወቅት ይከሳሉ፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሰደዳሉ፣ ቆጠራችሁም ይዛባል። መላው ቀላል ነው፦ የሙስሊም ሥጋ ቤት ደንበኛ ያዙ፤ እንቁላል ፈላጊው በጾም ስለሚቀንስ ለአንድ ውሻ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና 100 ግራም የተቀቀለ ምስር የተረፈ ሥጋውን ቦታ ይሸፍናል። ለድመት ግን ይህ አይሆንም፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋትን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነውና ልብና ሳንባ ከቅበላ በፊት ተቀቅሎ በፍሪዘር ይከማች። በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የበግ አጥንትና ስብ በየመንገዱ ስለሚበተን ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበትና የሚያስመልሰው ይበዛል። ሐኪማችሁ በዚያ ሳምንት ከተማ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ

ሒሳቡ በሦስት ሰው ስም ይከፈት፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ። በአንድ አባል ቴሌብር ገንዘብ መሰብሰብ ያ አባል ምንም ሳይነካ እንኳ ሐሜት ያመጣል። ለአንዲት ውሻ ፎቶ ለጥፋችሁ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ያቺ ውሻ ምን እንደሆነች፣ ከተረፈውም ምን እንደተደረገ በዚያው ቻናል ዝጉት። ብትሞትም ጻፉ። ውጭ አገር ያለ ለጋሽ በአብዛኛው የሚርቀው በመጥፎ ዜና ሳይሆን በዝምታ ነው። ከሚገባው ብር ሩቡን ለማይታሰብ አደጋ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ክሊኒክ ውስጥ ዕዳ ያለበት ቡድን ሐኪሙን ያጣል፣ ሐኪም የሌለው ቡድን ደግሞ ምንም አይደለም።

ቤት ማግኘት

ውሻ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የግቢ ጠባቂ ነው፤ ወንድ ይሁን ይላል፣ ቀን በሰንሰለት ሌሊት ልቅ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ በመከልከል ቤት አታገኙም። የምትጠይቁት የሚፈጸም ይሁን፦ ከዝናብ የሚሸሸግበት ቤት፣ ቢያንስ አምስት ሜትር ሰንሰለት ወይም በሽቦ ላይ የሚንሸራተት ማሰሪያ፣ በየዓመቱ ክትባት፣ መንከባከብ ካልቻለ ለእናንተ መመለስ። ሴቷ ቀድማ ስለመከነች «ትወልድብኛለች» የሚለው ሰበብ ይወድቃል፤ የሴት ቡችሎች ጎዳና ላይ የሚበዙት በዚህ ሰበብ ነው። ውሉን በሁለት ኮፒ አስፈርሙ፣ በሳምንት፣ በወርና በስድስት ወር ሄዳችሁ እዩ። በከተማው ዳርቻ ያለ ግቢ ከሆነ አጥሩን ፈትሹ፤ ጅብ የሚያልፍበት ሰፈር ውስጥ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም።

በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውሻ ልንወስድ እንፈልጋለን ሲሉ ቅደም ተከተሉን ከመጀመሪያው ያዙላቸው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ነው፤ ተገልብጦ ከተሠራ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ ዕውቅና ወደ ሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል፣ በደሙ ያለው የመከላከያ መጠን ቢያንስ 0.5 IU/ml መሆን አለበት፣ ደም ከተወሰደበት ቀን አንሥቶም ሦስት ወር ይጠበቃል። ወደ አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች ለሚመጣ ደግሞ ተጨማሪ ወረቀትና የደም ምርመራ ይጠየቃል፣ የደም ምርመራው ከሌለ 28 ቀን የሚቆይ ማቆያ አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ የበረራ ትኬት የሚቆርጠው የደሙ ውጤት ከመጣ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የውሻው ቀለብና የአሳዳሪው ወጪ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይስማሙ።